ጎጃም ላይ ነዳጅና ጋዝ ለመፈለግ የትኛው ጥናት ይቅደም? የዘዴዎች ንጽጽር

ስለ ዓባይ ሸለቆ ነዳጅ ወሬ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ «አለ» እና «የለም» ላይ ይቀራል። ገንዘብ ይዞ ለሚወስን ሰው ይሄ ክርክር አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው። ያለችውን በጀት መጀመሪያ የቱ ላይ እናውጣት?

አማራጮቹ ያደናግራሉ። አንዱ የሳተላይት ምስል ይበቃል ይላል። ሌላው ሳይዝሚክ (ድምፅ ወደ መሬት ልኮ ማሚቶውን የሚሰማ ጥናት) ካልተሠራ ሁሉም ግምት ነው ይላል። ሦስተኛው «ቆፍሮ ማየት ነው እንጂ!» ይላል። እያንዳንዱ የሚያውቀውን ወይም የሚሸጠውን ያስቀድማል። ስለዚህ እዚህ የማንንም ድርጅት ስም አላነሳም። መጀመሪያ መመዘኛ እናስቀምጥ፤ ከዚያ ዘዴዎቹን አንድ በአንድ እንይ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ርካሹ ጥናት ሊመልሰው የሚችለውን ጥያቄ ለውዱ ጥናት መስጠት ብክነት ነው። ሌላም አለኝ። ነዳጅ ባይገኝ እንኳ ለአካባቢው ሰው አንድ ነገር የሚተርፍበት ጥናት ይቅደም እላለሁ።

## ከእግራችን ሥር ያለው ምንድን ነው?

ከደጀን ተነስቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በመንገዱ ዳር የሚያየው ድንጋይ ደግሞ ደጋው ሥር ተሸፍኖ ያለው ድንጋይ ነው። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ፤ ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከሥሩ የላይኛው የአሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ ይመጣል። ቀጥሎ አንታሎ የሚባለው የኖራ ድንጋይ ነው። የሙገርና የደርባ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት ከዚሁ ወገን ነው። ወረድ ሲባል ጀሶ፣ ዶሎማይትና የጭቃ ድንጋይ የተፈራረቁበት ክፍል አለ። ስሙን ያገኘው ከማዶ ካለችው ከጎሐ ጽዮን ነው። ወንዙ አጠገብ ቀላ ያለው የታችኛው የአሸዋ ድንጋይ፣ ማለትም አዲግራት፣ ይታያል።

ኦጋዴን ውስጥ ካሉብ ላይ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተገኘው ጋዝ ከተጠራቀመባቸው ዐለቶች አንዱ ይኸው አዲግራት ነው። ተስፋው የሚመጣው ከዚህ ነው። ሌላም ምልክት አለ። በወሎ፣ ወረኢሉ አካባቢ፣ ዘይት ከመሬት ሲወጣ ታውቋል፤ ቦታው የዚሁ የዓባይ ተፋሰስ አካል ነው። ይህ ማለት ግን ጎጃም ሥር የሚያዋጣ ክምችት አለ ማለት አይደለም።

ክምችት እንዲኖር አራት ነገር መሟላት አለበት። የሞቱ ጥቃቅን ፍጥረታት ቅሪት የበዛበት አመንጪ ዐለት፣ ዘይቱን ወይም ጋዙን የሚይዝ ቀዳዳማ ማጠራቀሚያ፣ እንዳያመልጥ የሚዘጋ ክዳን፣ እንዲሁም ዐለቱ ተጣጥፎ ወይም ተሰብሮ የሠራው ወጥመድ። አመንጪው ዐለት በቂ ሙቀትም ማግኘት አለበት። ለዘይት ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ወደ ጋዝ ይሄዳል። መሬት በየኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይሞቃል ብለን ብንይዝ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ጎጃም ላይ ከአራቱ ማጠራቀሚያው ብዙ አያሳስበኝም፤ ሁለት የአሸዋ ድንጋዮች አሉ። ጀሶውም ጥሩ ክዳን ይሆናል። የሚያሳስበኝ አመንጪው ዐለት በብዛት መኖሩና በልኩ መብሰሉ ነው። ወጥመዱም ገና በባዛልት የተሸፈነ ጥያቄ ነው። በተጨማሪ ገደሉ ራሱ ችግር አለው። ወንዙ ድንጋዩን እስከ ታች ስለቆረጠው ገደሉ ዳር የነበረ ነገር ሁሉ አምልጧል ብሎ መነሳት ይሻላል። ተስፋ ካለ ያለው ከገደሉ ራቅ ብሎ ደጋው ሥር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በቢቸናና በሞጣ በኩል ነው።

## መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ዘዴው የቱን ጥያቄ ይመልሳል የሚለው ነው። ሳይዝሚክ የዐለቱን ቅርጽ ያሳያል እንጂ አመንጪው በስሏል አልበሰለም አይልም። የናሙና ምርመራ ደግሞ ስለ መብሰል ይነግራል፤ ወጥመድ አያሳይም። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። የተጠየቀው ሌላ፣ የተገዛው ሌላ ይሆናል።

ሁለተኛው ለጎጃም ከሁሉም የከበደው ነው። ከባዛልት በታች ያያል ወይ? ባዛልቱ ከጥቂት መቶ ሜትር ተነስቶ በቦታው ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይወፍራል። ኦጋዴን ላይ የሠራ ዘዴ እዚህ ላይሠራ ይችላል።

ሦስተኛው ወጪውና መካከል ላይ ማቆም መቻሉ ነው። ግማሽ የተሠራ የስበት ልኬት ግማሽ ጥቅም ይሰጣል። ግማሽ የተቆፈረ ጉድጓድ ግን ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው።

አራተኛው መሬቱና ወቅቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዋልካው መኪና ይውጣል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እህል ማሳ ላይ ነው። ለከባድ ሥራ የሚመቸው ከጥር እስከ ግንቦት መጀመሪያ ያለው ጊዜ ነው። ጸጥታውም ከዚሁ ጋር ይታሰባል፤ ሰው በሰላም ወጥቶ የማይገባበት ቦታ ላይ መሣሪያ መትከል አይታሰብም።

የመጨረሻው ከላይ ያልኩት ነው። ነዳጅ ባይገኝ ምን ይተርፋል?

## አማራጭ 1፦ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ጥናት

የሳተላይት ምስሎች ዛሬ በነፃ ይገኛሉ። ላንድሳትና ሴንቲኔል-2 የድንጋይ ዓይነት ለመለየትና ስብራት ለመከታተል ይረዳሉ። በየ30 ሜትሩ የተለካ የመሬት ከፍታ መረጃም ነፃ ነው። በ1:250,000 የተሠሩ የጂኦሎጂ ካርታዎች አሉ። ቀደም ሲል የታተሙ የምርምር ጽሑፎችን መሰብሰብም እዚሁ ይገባል።

ጥቅሙ ሌላውን ሥራ ሁሉ የት እንደምናደርግ መምረጡ ላይ ነው። ድክመቱ ግልጽ ነው፤ ሳተላይት የሚያየው የላዩን ነው። «ከጠፈር ነዳጅ እናያለን» የሚል ሰው ከመጣ፣ 1 ኪሎ ሜትር ባዛልት አልፎ እንዴት እንደሚያይ ያስረዳ።

## አማራጭ 2፦ ገደሉ ላይ የመስክ ሥራና የናሙና ምርመራ

እኔ የማስቀድመው ይህን ነው። ሌላ አገር ሰው ሚሊዮኖች አውጥቶ ቆፍሮ የሚያየውን ድንጋይ እኛ በአስፋልት መንገድ ዳር እናገኘዋለን። ይህ ለጎጃም የተሰጠ ትልቅ ዕድል ነው፤ በደንብ ሳይጠቀሙበት ወደ ውድ መሣሪያ መሮጥ ያሳዝናል።

ሥራው ከደጀን በኩራር በኩል እስከ ድልድዩ ድረስ ድርብርቡን ሜትር በሜትር መለካት ነው። መዶሻ፣ ኮምፓስ፣ ጂፒኤስ፣ ማጉያ መነጽርና ትንሽ ጠርሙስ የተበረዘ አሲድ ይበቃል። አሲዱ ኖራ ድንጋይ ላይ ጠብ ሲል ወዲያው ይፈላል፤ ዶሎማይት ላይ ግን ድንጋዩ ካልተፈጨ እምብዛም አይፈላም። ጀሶ በጥፍር ይጫራል። አንድ ጥንቃቄ አለ። መንገዱ የመሬት መንሸራተት የሚያጠቃው ነው። ትልቅ ቋጥኝ ከላይ ተንሸራቶ በቦታው የበቀለ መስሎ ይታያል። ከሥሩና ከጎኑ ጋር የተያያዘ መሆኑ ሳይረጋገጥ ከተለካ የድርብርቡ ውፍረት ሁሉ ይዛባል።

ናሙና አወሳሰዱ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የምንፈልገው ጠቆር ያለውን የጭቃ ድንጋይና ጭቃማ ኖራ ነው። ላዩ በፀሐይና በዝናብ ተበልቷል፤ ካርቦኑም ቀንሷል። ስለዚህ ግራጫና ቢጫው አልቆ ትኩሱ ቀለም እስኪመጣ ወደ ውስጥ መቆፈር ነው፤ አንዳንዴ ግማሽ ሜትር ይፈጃል። ናሙናው በፕላስቲክ ሳይሆን በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቀለላል። ናፍጣ ወይም ግሪስ የነካ እጅ አይንካው። ላብራቶሪው ከዚያ ላይ የሚጠቀመው ከ100 ሚሊግራም አይበልጥም፤ ትንሽ ቅባት ውጤቱን ሊያበላሽ ይችላል።

ላብራቶሪው ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛው ከፍጥረታቱ ቅሪት የመጣው ካርቦን መጠን ነው። ከ0.5 በመቶ በታች ከሆነ ያ ድንጋይ አመንጪ አይሆንም ተብሎ ይተዋል። ከ1 በመቶ ሲያልፍ ትኩረት ይስባል፤ ከ2 በመቶ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ሁለተኛው መብሰሉ ነው። ሮክ-ኢቫል ናሙናውን በምድጃ እያጋለ የሚመረምር ዘዴ ነው። ቲማክስ የሚባለው ቁጥሩ (የምድጃው ሙቀት እንጂ የመሬቱ አይደለም) 435 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የዘይቱ መስኮት፣ ማለትም ዘይት የሚፈጠርበት የመብሰል ልክ፣ ይከፈታል፤ 470 አካባቢ ይዘጋል። ከባዛልት ቧንቧ ወይም ግድግዳ (ቀልጦ ሲወጣ ድንጋዩን ሰንጥቆ ከቀረ ባዛልት) አጠገብ የተወሰደ ናሙና ግን በአካባቢው ሙቀት ብቻ የተጠበሰ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ይመዝገብ።

እዚሁ ላይ ገጠር ስለሚነሳው ወሬ አንድ ነገር ልበል። ረግረግ ውሃ ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ስስ ሽፋን ሲታይ «ነዳጅ ወጣ!» ይባላል። በእንጨት ነካ አድርጉት። እንደ ቅርፊት ተሰባብሮ ተለያይቶ ከቀረ የብረት ባክቴሪያ ሥራ ነው። ተመልሶ ከተያያዘና ከተዋሃደ ዘይት ሊሆን ይችላል። ያኔ ቦታውን መዝግቦ በጠርሙስ ናሙና መውሰድ ተገቢ ነው። የፈሰሰ ናፍጣ አለመሆኑንም ማጣራት ነው።

የዚህ ዘዴ ድክመት ሁለት ነው። ደጋው ሥር ያለው ድንጋይ ገደሉ ላይ ካለው የተለየ ሊሆን ይችላል። ወጥመድም አያሳይም። ነዳጅ ባይገኝም ግን ስለ ጀሶና ስለ ኖራ ድንጋይ ጥራት፣ ስለ መንገዱ መንሸራተትም እውቀት ይተርፋል።

## አማራጭ 3፦ የስበትና የማግኔት ልኬት

ከባድ ድንጋይ ይበልጥ ይስባል፣ ቀላል ድንጋይ ያነሰ። የአሸዋ ድንጋይ ከመሠረት ዐለቱ (ከድርብርቡ ሁሉ ሥር ካለው ጠንካራ ዐለት) ስለሚቀል ደለሉ፣ ማለትም ከባዛልቱ በታች ያለው ድርብርብ፣ የወፈረበት ቦታ ላይ ስበቱ ይቀንሳል። 100 ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከአካባቢው በ0.4 ግራም በኩቢክ ሴንቲ ሜትር የሚቀል ድርብርብ 1.7 ሚሊጋል (የስበት መለኪያ አሃድ) ገደማ ለውጥ ያመጣል። መሣሪያው ይህን በቀላሉ ይለያል።

ችግሩ ከፍታ ላይ ነው። የአንድ ሜትር የከፍታ ስህተት 0.2 ሚሊጋል ያዛባል፤ ስለዚህ የእጅ ጂፒኤስ አይበቃም። ገደሉ ዳር ደግሞ የጎደለው መሬት ራሱ ልኬቱን በብዙ ሚሊጋል ስለሚያዛባው የመሬቱን ቅርጽ በጥንቃቄ ማረም ያስፈልጋል። ባዛልቱም ከባድ፣ ኖራ ድንጋዩም ከባድ ስለሆነ ቁጥሩ ብቻውን አይተረጎምም።

ማግኔት እዚህ ላይ ደካማ ነው። ባዛልቱ ራሱ ማግኔታዊ ስለሆነ ከሥሩ የሚመጣውን ምልክት ይጋርዳል። እኔ ለብቻው አልገዛውም። ከስበት ልኬት ጋር በአውሮፕላን አብሮ ከመጣ ግን ችግር የለውም፤ የስብራት መስመር ለማየት ይረዳል።

ሰፊ ቦታ በአነስተኛ ወጪ ለመሸፈን ከዚህ የተሻለ የለም። ቡድኑ ትንሽ ነው፤ በእግርና በበቅሎም ይሠራል። የማንንም ማሳ አያበላሽም።

## አማራጭ 4፦ ማግኔቶቴሉሪክ

ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። በተፈጥሮ በመሬት ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክና የማግኔት መዋዠቅ ይለካል። ያልተበላ ባዛልት ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። ጨዋማ ውሃ የያዘ የአሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ ያስተላልፋል። መሠረት ዐለቱ እንደገና አያስተላልፍም። ይህ መፈራረቅ ለጎጃም ጥያቄ በጣም የሚመች ነው። ሕንዶች ደካን በሚባለው ሰፊ ባዛልታቸው ሥር ደለል ሲፈልጉ ይህን ዘዴ ተጠቅመውበታል።

አንድ ጣቢያ የሚፈልገው አራት ኤሌክትሮድ፣ መሬት ውስጥ የሚቀበሩ የማግኔት መጠምጠሚያዎችና አንድ መመዝገቢያ ነው። ማታ ተተክሎ ጠዋት ይነሳል። ከጥቂት ጉድጓዶች በቀር መሬት አይነካም። ለከብት ጠባቂ ልጆች ቀድሞ ማስረዳት ግን ግድ ነው፤ ገመዱ ከተጎተተ የሌሊቱ ሥራ ባከነ።

ከኤሌክትሪክ መስመር መራቅም ያስፈልጋል። ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ከፍተኛ መስመር አጠገብ ጥሩ ልኬት አይገኝም። ስለዚህ ጣቢያዎቹ ከመስመሩ በኪሎ ሜትሮች ርቀው ይታቀዱ። ሌላው ድክመት ጥራቱ ነው፤ ደለሉ በግምት ስንት መቶ ሜትር እንደሆነ ይነግራል እንጂ ቀጭን ድርብርብ አይለይም። ኖራ ድንጋዩም እንደ ባዛልቱ ደካማ አስተላላፊ ስለሆነ ሁለቱ ሊምታቱ ይችላሉ።

እዚህ አገር ባለሙያ አለው ወይ? አለው። ለእንፋሎት ኃይል ፍለጋ አሉቶ ላንጋኖና ተንዳሆ ላይ ተሠርቶበታል። ጎጃም ላይ የሚተርፈው ሌላ ጥቅም የከርሰ ምድር ውሃ መረጃ ነው። የደጋ ከተሞች ውሃ ፍለጋ ሲቆፍሩ ምን ያህል እንደሚያወጡ ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በእኔ ግምት ከዋጋው አንጻር ከሁሉም የተዘነጋው ዘዴ ይሄ ነው።

## አማራጭ 5፦ ሳይዝሚክ

የነዳጅ ኩባንያዎች ዋና መሣሪያ ነው። በንዝረት መኪና ወይም በፈንጂ ድምፅ ወደ መሬት ይላካል፤ የሚመለሰውን ማሚቶ በመስመር የተተከሉ ጂኦፎኖች ይሰማሉ። ወጥመድን በቅርጹ የሚያሳይ ሌላ ዘዴ የለም ማለት ይቻላል።

ጎጃም ላይ ግን ባዛልቱ መንገድ ይዘጋል። ድምፅ ባልተበላ ባዛልት ውስጥ በሰከንድ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፤ ከሥሩ ባለው ደለል ውስጥ ያዘግማል። ጉልበቱ ድንበሩ ላይ በከፊል ተመልሶ ይመጣል። በባዛልቱ ንብርብሮች መካከል ያለው አመድና ቀይ አፈር የቀረውን ይበትነዋል። ውጤቱ ጋቢ ተከናንቦ የሚያወራን ሰው እንደ መስማት ነው፤ ድምፁ አለ፣ ቃሉ አይለይም። ወፍራም (ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው) ድምፅ መጠቀምና የጂኦፎን መስመሩን ማስረዘም ይረዳል፤ ሙሉ መፍትሔ ግን አይደለም።

ሁለት ዓይነት አለ። ባለ ሁለት ገጽታው በመስመር ይሄዳል፤ በኪሎ ሜትር በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። ባለ ሦስት ገጽታው ቦታውን በመረብ ይሸፍናል፤ በስኩዌር ኪሎ ሜትር ብዙ አሥር ሺዎች ሊደርስ ይችላል። ባለ ሦስት ገጽታው ለጎጃም ዛሬ ጊዜው አይደለም፤ በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም። ምን እንደምንፈልግ ሳናውቅ ሙሉ ማሳ በመረብ መሸፈን ካሳውን ያበዛል፣ ገበሬውን ያስቆጣል፣ ምስሉም ባዛልቱ ላይ ይቀራል።

ባለ ሁለት ገጽታው ከተመረጠ ማግኔቶቴሉሪክና ስበት የጠቆሙት ቦታ ላይ ብቻ፣ በተቻለ መጠን በጠጠር መንገድ ዳር፣ አዝመራ ከገባ በኋላ ይሁን። የፈንጂ ጉድጓድ ከምንጭ፣ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር በቂ ርቀት ይኑረው።

## አማራጭ 6፦ ቁፋሮ

እዚህ ላይ ሰዎች የሚያምታቱት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው።

የፍለጋ ጉድጓድ ትልቅ ሪግ (የቁፋሮ ማማ)፣ ትልቅ ካምፕና ብዙ የጭነት መኪና ይፈልጋል። ሩቅ ቦታ ላይ በአሥር ሚሊዮኖች ዶላር ይቆጠራል። ባዛልት ውስጥ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የመቆፈሪያው ጭቃም በስንጥቁ እየፈሰሰ ይጠፋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደረቅ ሊሆን ይችላል። በደቡብ ኦሞ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ሳቢሳ-1 ተቆፈረ፤ ከዚያም ሌሎች ተከተሉ። የሚያዋጣ ክምችት አልተገኘም። ከድንበሩ ማዶ ግን በኬንያ ንጋሚያ-1 በ2012 ዘይት አግኝቶ ነበር። ያውም ደቡብ ኦሞ ላይ ሳይዝሚኩ ተሠርቶ ነው።

ሁለተኛው የኮር ጉድጓድ ነው። ወርቅ ፍለጋ ላይ የሚሠራበት ዓይነት የአልማዝ መቆፈሪያ ቀጭን ድንጋይ እንደ ዘንግ አድርጎ ያወጣል። ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ባዛልቱን አልፎ እስከ ኖራ ድንጋዩ ድረስ ከ1,000 እስከ 1,500 ሜትር መሄድ ይችላል። ዋጋው የትልቁ ጉድጓድ ትንሽ ክፋይ ነው። የሚሰጠው ደግሞ ብዙ ነው። ያልተበላ ትኩስ ናሙና፣ የባዛልቱ እውነተኛ ውፍረት፣ በየጥልቀቱ የሚለካ ሙቀት፣ የከርሰ ምድር ውሃ የት እንዳለ። በኋላ ለሚሠራ ሳይዝሚክም ማመሳከሪያ ይሆናል።

ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ጋዝ ቢያጋጥም የሚዘጋ መቆጣጠሪያ አፉ ላይ ይኑር። ሥራው ሲያልቅ ጉድጓዱ በሲሚንቶ ይደፈን፤ አለበለዚያ ምንጮችን የሚመግበው ውሃ ወደ ታች ሊሰርግ ይችላል።

## በአንድ እይታ

| ዘዴ | በዋናነት የሚመልሰው | ከባዛልት በታች ያያል? | የወጪ ደረጃ (በዶላር) | ነዳጅ ባይገኝ የሚተርፈው |
|---|---|---|---|---|
| የቢሮ ጥናት | የት እንሂድ? | አያይም | በጣም ዝቅተኛ | ካርታ |
| ገደሉ ላይ ናሙና | አመንጪ፣ መብሰል፣ ማጠራቀሚያ፣ ክዳን | ገደሉ ራሱ አጋልጦታል | በአሥር ሺዎች | የጀሶና የኖራ መረጃ |
| ስበት (ከማግኔት ጋር) | ደለሉ የወፈረበት ቦታ | በከፊል | ከአሥር ሺዎች እስከ መቶ ሺዎች | የስብራት ካርታ |
| ማግኔቶቴሉሪክ | የባዛልትና የደለል ውፍረት | ያያል፤ ዝርዝሩ ደብዛዛ ነው | በመቶ ሺዎች | የውሃ መረጃ |
| ሳይዝሚክ፣ ባለ ሁለት ገጽታ | ወጥመድ | ይቸገራል | በሚሊዮኖች | ጥቂት |
| ሳይዝሚክ፣ ባለ ሦስት ገጽታ | የወጥመድ ዝርዝር | ይቸገራል | በብዙ ሚሊዮኖች | ጥቂት |
| የኮር ጉድጓድ | ከመብሰል እስከ ሙቀት፤ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ | አልፎ ይሄዳል | ከመቶ ሺዎች እስከ ሚሊዮኖች | ኮር፣ ውሃ፣ ሙቀት |
| የፍለጋ ጉድጓድ | አለ ወይስ የለም፣ እዚያው ነጥብ ላይ | አልፎ ይሄዳል | በአሥር ሚሊዮኖች | የጉድጓድ መረጃ |

የወጪው ደረጃ ለአንድ መካከለኛ ፕሮግራም የተገመተ ነው። ቦታና ጊዜ ይለውጠዋል።

## ለማን የቱ?

በጀቱ ትንሽ ለሆነ ዩኒቨርሲቲ። ቢሮና ገደል ላይ አተኩሩ። ደብረ ማርቆስ ያለ የትምህርት ክፍል ለኩራር ቅርብ ነው። በየዓመቱ የተማሪዎች የመስክ ልምምድ አንድ የድርብርብ ክፍል በዝርዝር ቢለካ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማንም ኩባንያ የሚፈልገው መረጃ ይጠራቀማል። ናሙናው ግማሹ ተቀምጦ ይቆይ። ሁሉንም ፈጭቶ መላክ የኋላውን ተመራማሪ ባዶ እጁን ያስቀራል።

ኢንቨስተር መሳብ ለሚፈልግ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት። ስበት ሰፊውን ይሸፍን፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሞጣ በኩል ሁለት ወይም ሦስት የማግኔቶቴሉሪክ መስመር ይከተል፤ ከዚያ አንድ የኮር ጉድጓድ። እኔ ብወስን ለሳይዝሚክ የተያዘውን የመጀመሪያ በጀት ወደዚህ አዞረው ነበር። ከሁሉም በላይ ጥሬ መረጃው አገር ውስጥ እንዲቀመጥ ውሉ ላይ ይጻፍ። ካርታው ብቻ ተሰጥቶ ጥሬው ቁጥር ከሄደ ቀጣዩ ሥራ ከዜሮ ይጀመራል።

ፈቃድና ገንዘብ ላለው ኩባንያ። ከላይ ያለው ተሠርቶ ከሆነ ወደ ባለ ሁለት ገጽታ ሳይዝሚክ ሂዱ። መጀመሪያ አንድ የሙከራ መስመር ይሠራ። ከባዛልቱ በታች ምንም ካልታየ ቀሪውን ኪሎ ሜትር ማቆም የሚፈቅድ አንቀጽ ከአጥኚው ጋር በሚደረገው ውል ይግባ። ካሉብ ላይ የተገኘው ጋዝ ለአሥርተ ዓመታት ሳይወጣ ቆይቷል። መገኘትና ወደ ገበያ መድረስ የተለያዩ ስለሆኑ የመንገድና የቧንቧ ስሌቱ ከአሁኑ ይሠራ።

አክሲዮን ግዙ ለተባሉ፣ በተለይ በውጭ ላሉ ወገኖች። የኢትዮጵያ ነዳጅ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ሥራውን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 295/1986 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ፈላጊው ከማዕድን ሚኒስቴር ጋር ስምምነት ሊኖረው ይገባል። የቀበሌ ወይም የወረዳ ደብዳቤ የነዳጅ ፈቃድ አይደለም። ስምምነቱን በዓይናችሁ እዩ፣ ሚኒስቴሩ ዘንድም አረጋግጡ። ቀጥሎ የካርቦንና የመብሰል ውጤት ጠይቁ። ናሙና ሳያስመረምር ስለ ቢሊዮን በርሜል የሚያወራ ሰው ጋር ገንዘብ አታስገቡ።

መስመር መሬቱ ላይ ለሚያልፍበት ገበሬ። መኪና ከመግባቱ በፊት ማሳው፣ አጥሩና ዛፉ ፎቶ ይነሳ። ካሳው በእህሉ ዓይነትና በወቅቱ ዋጋ በጽሑፍ ይሁን፤ የሚከፈልበት ቀንም ይጻፍ። ከባድ መኪና የረገጠው ዋልካ ስለሚጠጥር መልሶ የማረሻው ወጪም ካሳው ውስጥ ይግባ። አጠገቡ ምንጭ ካለ አንድ ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ከሥራው በፊትና ከሥራው በኋላ ይለካ፤ ወረቀቱንም ገበሬው፣ ቀበሌውና ኩባንያው ፈርመው አንዳንድ ቅጂ ይያዙ።